የብር ትሪው ላይ ያሉት ስሞች

እንደዚያ ዓመት ጸደይ ኬክ በልቼ አላውቅም። ስምንት ዓመቴ ነበር። በየማክሰኞው ከአምስት ሰሃን ላይ አምስት ቁራጭ የሎሚ ኬክ ይቀርብልኝ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስጄ የቀረውን እንድተው ታዝዤ።

«ሙልጭ አታድርጊው ኤፊ» ትለኛለች እናቴ። «ጨዋ ሴት ሰሃኗን አትልስም።»

እኔም አፌን በጨርቅ ጠረግ አድርጌ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደሚቀጥለው ወንበር እዛወራለሁ። ከየስኒው ሻይ ፉት እላለሁ። እናቴ ግራጫውን የሐር ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ አንዳንዴም «የልጅዎ ሳል እንዴት ሆነ ሚስስ ሞስሊ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ድምፄን አወፍሬ እመልሳለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ጸጉሬ ሸብቶ ያ ደስታዬ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

አባቴ ጆሳያ ትሬድዌል የመንግሥት ጠበቃ ነበር። ሹመቱም ደመወዙም የሚመጣው ከዋሽንግተን ነው፤ የሚከሰው ግን እዚያው ካሮላይና ውስጥ የእኛኑ የዊልተንን ሰዎች ነበር። የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ካበቃ ሰባት ዓመት ሆኖታል ይባላል እንጂ እኛ ከተማ ውስጥ ያበቃ ነገር አልነበረም። እናቴ ኦክታቪያ የዊልተን ልጅ ናት። አባቷ እዚያው ዳኛ ነበሩ፤ እህቷ አክስቴ ሉክሬሺያ ከኛ ቤት አራት መንገድ አለፍ ብላ ትኖራለች፤ በከተማው ካሉት እመቤቶች አብራት ያላደገች አልነበረችም።

እያንዳንዷ እመቤት እንግዳ የምትቀበልበት የታወቀ ቀን አላት፤ የእናቴ ማክሰኞ ነው። ለጥየቃ የመጣች ሴት ስሟ የታተመበትን ትንሽ ካርድ መግቢያው ላይ ባለው የብር ትሪ ታስቀምጣለች። የካርዱ የቀኝ የላይኛው ጫፍ ከታጠፈ ባለቤቷ ራሷ በእግሯ መጥታለች ማለት ነው። ካልታጠፈ በአገልጋይ ልካዋለች። የግራው የታችኛው ጫፍ ከታጠፈ ደግሞ ለቅሶ ነው። ይህን ከፊደል ቀድሜ ነው የተማርኩት።

አባቴ ማታ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ትሪው ዘንድ ይቆማል። ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳ፣ የታጠፈውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ ስማቸውን ጮክ ብሎ ይጠራል። «ሚስስ ሞስሊ መጥታ ነበር። ሚስስ ፔጅም። አሃ፣ ሉክሬሺያም!» ከዚያ በኋላ ነው ኮፍያው የሚወልቀው፣ ትከሻውም ወደ ቦታው የሚመለሰው።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ካሌብ የሚባል ሰው ከቤቱ አውጥተው ገደሉት። ጥፋቱ ጥቁር ሆኖ በምርጫ ድምፅ መስጠቱ ነበር። ካሌብ የኬዛያ ባል ነው፤ ኬዛያ ደግሞ የእኛ ወጥ ቤት ናት፣ ከባርነት ወጥታ በደመወዝ የምትሠራ፣ እጇ ከባድ፣ ቀልዷ ከእጇ የከበደ ሴት። ከገዳዮቹ የአምስቱን ፊት አይታለች። አባቴ አምስቱንም ከሰሰ። አንደኛው የአክስቴ የሉክሬሺያ ባል ታናሽ ወንድም ነበር።

ክሱ በተነበበ ሰሞን አባቴ እራት ላይ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ «ኦክታቪያ» አለ። «እኔን ቢጠሉኝ ግድ የለኝም፤ ደመወዜን የምበላው ለዚያው ነው። በአንቺ የመጡ ዕለት ግን አልችልም። ያ ትሪ አንድ ማክሰኞ ባዶ ሆኖ ካገኘሁት ሹመቱን ለዋሽንግተን እመልሳለሁ።»

«ኬዛያስ?»

«ሌላ ጠበቃ ይልካሉ።»

«ሌላ ጠበቃ!» ሳቀች እናቴ። «ያለፈው ስንት ቀን ቆየ? ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ አይደል እንዴ የተመለሰው?»

«ነገርኩሽ፤ ቃሌ ቃል ነው።»

«ቃልህን ሰማሁ። ማክሰኞው የኔ ነው፤ ለኔ ተወው። ይልቅ ሥጋህ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

እኔ የገባኝ ትሪው ባዶ ከሆነ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ብቻ ነው። በማግስቱ ኬዛያን ሊጥ ስታሽ ጠየቅኳት፤ አባዬ ሥራውን ቢተው ምን ይሆናል?

«ያኔማ አምስቱ ሰውዬዎች ወደየቤታቸው ይገባሉ» አለች ሊጡን እየደቆሰች። «እኔ ደግሞ ቤቴን ትቼ እወጣለሁ።»

«ወዴት?»

«እግሬ ወደ መራኝ። እነሱ ሳይቀድሙኝ ከደረስኩ። እጅሽን ከስኳሩ አንሺ፣ አየሁሽ።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ማክሰኞዎች ደጃችን ላይ አንድም ሠረገላ አልቆመም። ሠረገላዎቹ ሲያልፉ ግን ከመስኮቱ ይታያሉ፤ እኛ አጥር ጋ ሲደርሱ ፈጠን ይላሉ። እናቴ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ለብሳ ትቀመጣለች። ኬዛያ ኬኩንና ሻዩን ታስገባለች። ሰዓቱ ይቆጥራል። አሥራ አንድ ሊሆን ሲል እናቴ «ነይ እንጫወት ኤፊ» ትለኛለች፤ ከዚያ ወንበር እየቀያየርኩ መብላት ነው።

እኔ እናቴ እንግዶቿን አትምጡብኝ ያለቻቸው መስሎኝ ነበር፤ ከሁሉም እኔን መርጣ። በከተማው ያለች ሴት ሁሉ ያልተሰጣትን ሁለት ሰዓት ለኔ የሰጠችኝ መሰለኝ። ከኩራቴ የተነሳ ለእነሚስስ ሞስሊ አዘንኩላቸው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ እናቴ የጓንት ሣጥኗን ከደረጃው ሥር ካለው መሳቢያ ታወጣለች። ውስጡ ጓንት የለም፤ የዓመታት ካርድ ሞልቶታል። አራት አምስት ትመርጣለች። አርጅቶ ያልወየበውን፣ ጫፉ ያልደከመውን ለይታ፣ የላላውን በጥፍሯ እንደገና ታጥፋለች። ያለፈው ማክሰኞ የወጡትን አትደግምም። ትሪው ላይ ስትደረድራቸው እንኳ አንዱን አዘንበል፣ አንዱን ጠጋ ታደርገዋለች፤ የተለያየ እጅ ያስቀመጣቸው እንዲመስሉ። እኔ በደረጃው አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዴ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አባቴ እንዳይቆጣ ጨዋታችንን የምትደብቅለት መሰለኝና እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። የሰው ፊት ከእሳት ይፋጃል ይባላል፤ የተነፈገ የሰው ፊት ግን እንዴት እንደሚፋጅ የሚያውቀው ያየው ነው። እናቴ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

ግንቦት ላይ ነገሩ የተበላሸው በኔ ነው። ያን ማክሰኞ እናቴን ራሷን አሟት ነበር። ኬኩን አብረን አልበላነውም፤ ሁለት ካርድ ብቻ ትሪው ላይ ጣል አድርጋ ልብሷን ልትቀይር ፎቅ ወጣች። ሁለት! ባዶ ለመሆን ሁለት የቀረው ትሪ። የኬዛያ «እግሬ ወደ መራኝ» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከበሩ ውጭ የአጥሩ መዝጊያ ሲጮህ ደግሞ ሰማሁ።

መሳቢያውን ከፍቼ ሣጥኑ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። የምፈልገውን አውቃለሁ። የአሮጊቷ የሚስስ ቤይናርድ ካርድ ጥግ ላይ ሰማያዊ ወፍ ነበረችው። ሚስስ ቤይናርድ በመጡ ቁጥር ከቦርሳቸው የሚንት ከረሜላ የሚሰጡኝ፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ከገና በኋላ ጠፉብኝ። «ሳቫና ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል» ብላኛለች እናቴ። ሳቫና የሄደ ሰው ይመለሳል። ካርዱን አወጣሁና የቀኙን የላይኛውን ጫፍ በጥፍሬ ጥርት አድርጌ አጠፍኩት። ከሁሉ በላይም አስቀመጥኩት።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ሚስስ ቤይናርድ በጥር ሞተዋል። ሬሳቸውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር። እንዳልደነግጥ ብለው ነው የደበቁኝ።

አባቴ ገባ። እንደ ልማዱ ኮፍያውን ሳያወልቅ ትሪው ጋ ቆመ። እናቴ ከደረጃው እየወረደች ነበር። ካርዱን አነሳው፤ አውራ ጣቱ የታጠፈው ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ፤ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። እናቴ ከእጁ ላይ ሰማያዊዋን ወፍ አየቻት። ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ፤ የደረጃውን እጀታ ጨብጣ ቀረች።

«ሚስስ ቤይናርድም መጥተዋል» አለ አባቴ።

ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማ ነበር።

«አዎ» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ አመማቸው እንጂ።»

«ታዲያ በዚህ መንገድ በእግራቸው መጡ» አለ አባቴ። «ደግ ሴት ናቸው።» ካርዱን ቀስ ብሎ ወደ ትሪው መለሰና ኮፍያውን አወለቀ።

እኔ በደስታ ልፈነዳ ነበር። ካርዴ አለፈ!

በማግስቱ ጠዋት እናቴን አባቴ ቢሮ ውስጥ ምድጃው ፊት ተንበርክካ አገኘኋት። ቤቱ በሙቀት ታፍኗል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፣ እሷ ግን እሳት ታነድዳለች። አባቴ አጠገቧ ቆሟል፤ በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። እሳቱ ሲያያዝ እናቴ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። አባቴ ወረቀቱን ሰጣት። ወደ እሳቱ ጣለችው። ታማ የበረዳት መስሎኝ ሄጄ ሻርፕ አመጣሁላት። ሁለቱም አዩኝና ሳቁ፤ አባቴ ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። አባቴ ሞትን ያህል ሥራ እያለበት በጊዜ ይገባ ጀመር። ሚስስ ቤይናርድ አንድ ማክሰኞ አልቀሩም፤ ካርዳቸውን ከላይ የምታስቀምጠው አሁን እናቴ ራሷ ነበረች። እራት ላይ አባቴ ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አድርጎ «እሺ፣ ሚስስ ቤይናርድ ዛሬ ምን አሉ?» ይላታል።

«አዲሱን ቄስ አልወደዷቸውም። ከመድረክ የሚወርዱት ሲርባቸው ብቻ ነውና እሑድ እሑድ ቁርስ አታብሏቸው፣ አሉ።»

«እውነታቸውን ነው። የአሁኑ ቤታቸውስ ተስማማቸው?»

«ጸጥታው በዛብኝ አሉ። ጎረቤት ሞልቶ አንድ ሰው ወግ አያውቅም።»

አባቴ እስኪያንቀው ሳቀ። እናቴም አብራው ሳቀች፤ ከክረምት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ ሁለቱን እያየሁ፣ ሚስስ ቤይናርድ እኔ በሌለሁበት ሰዓት መጥተው ከረሜላዬን ሳይሰጡኝ መሄዳቸው ከንክኖኝ አኮረፍኩ። «ለኤፊስ ምንም አላሉም?» አልኩ። አባቴ በማግስቱ አንድ ከረጢት የሚንት ከረሜላ አመጣና «ረስተውት ሄደው ነው» አለኝ።

ችሎቱ በሰኔ ሆነ። ኬዛያ እናቴ ያዋሰቻትን ኮፍያ አድርጋ ገብታ የአምስቱን ስም በየፊታቸው እየጠቆመች ጠራች። ሦስቱ ተፈረደባቸው፣ ሁለቱ ነጻ ወጡ። የአክስቴ ባል ወንድም ከሦስቱ አንዱ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሦስቱም ምሕረት ተደርጎላቸው ተመለሱ። ያኔ ግን ኬዛያ ከእህቷ ጋር ፊላዴልፊያ ገብታ ነበር፤ በሕይወት። ያችን ሁለት ዓመት ነው አባቴና እናቴ ለእሷ የገዙላት።

እናቴ መስከረም ላይ በንዳድ ተያዘች። የከተማው ሐኪም «ጊዜ የለኝም» ብሎ ላከ፤ ከጦር ሰፈሩ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ፣ ዘግይቶ። ከከተማው እመቤቶች አንዲትም አልመጣች። አክስቴ ሉክሬሺያም አራት መንገድ ተሻግራ አልመጣችም። ቀብሯ የተፈጸመ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን በራችን ይንኳኳ ጀመር። ለቅሶ ሌላ ነው፤ ሥርዓት አለው፤ በለቅሶ ካርድ ያልተወች ሴት ባለጌ ትባላለች። ትሪው ሞልቶ ፈሰሰ። የግራቸው የታችኛው ጫፍ ሁሉ በወጉ ታጥፏል።

ያን ሁሉ ካርድ ሳይ ልቤ ዘለለ። በሁለት እጄ ትሪውን ታቅፌ አባቴ ወደ ተቀመጠበት ክፍል ሮጥኩ። «አባዬ! ሁሉም መጡ! ሚስስ ሞስሊ፣ ሚስስ ፔጅ፣ አክስቴ ሉክሬሺያም፣ ሁሉም!»

አባቴ ትሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጣቸው፤ አንድም ስም ጮክ ብሎ አልጠራም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሚስስ ቤይናርድ አልመጡም?»

«አልመጡም አባዬ።»

«እንግዲያው ማንም አልመጣም» አለና ትሪውን መለሰልኝ።

ከካሮላይና ወጥተን ኦሃዮ ገባን። አባቴ ዳግመኛ ሚስት አላገባም፣ ዳግመኛም ለመንግሥት አልሠራም፤ የገበሬ የድንበር ክርክር ሲያይ አረጀ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እኔ ቤት ነበር የሚኖረው። አንድ ማክሰኞ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ጺሙን እየላጨሁለት ነገርኩት። የሚስስ ቤይናርድን ካርድ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አልኩት። ያን ሁሉ ዘመን እናቴን ያጋለጥኳት እኔ ነኝ፣ በኀፍረት ተጎድታ ለመሞቷም ምክንያት ሆኛለሁ እያልኩ ስቃጠል ኖሬያለሁ።

«አንቺ ነሽ?» አለ። ምላጩን ከፊቱ አራቅሁት፤ መሳቅ ጀምሮ ነበርና። «እኔ እኮ እሷ መስላኝ ነበር! ልትነግረኝ ፈልጋ፣ በአፏ ግን አልወጣ ብሏት ያስቀመጠችው መስሎኝ ኖርኩ።»

ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ላይ ያለው ሳሙና በእንባ ተቦረቦረ።

«ያን ማታ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ» አለ። «ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እሳት አነደደችና እጇን ዘረጋች። አየሽ ኤፊ፣ ደብዳቤውን አልቀማችኝም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ብቻዋን እንደምትሞት እየታየኝ፣ ቃሌን የሚያስፈርሰኝ ሳገኝ አፍርሼ ሰጠኋት። ደስም አለኝ። ክሱን እንደምጨርሰው ሳውቅ ደስ አለኝ። ሰው ይህን ለማን ይናገራል?»

አንዳንድ ቀን ኬዛያን አስቤ ደግ አደረጉ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግራጫውን ቀሚስ አስቤ አባቴን እጠላዋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ የሚንት ከረሜላ ከረጢት ትዝ ትለኛለች።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ አባቴ አልጋ ያዘ። አእምሮው ይሄድ ይመለስ ጀመር። በየዕለቱ ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኛል፦ «ዛሬ ማን መጣ?» ማንም አልመጣም ማለት አቃተኝ፤ የጎረቤት ስም እየጠራሁ እመልስለታለሁ። አይዋጥለትም። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

የጓንት ሣጥኑ እኔ ዘንድ ነበር። ከሥሩ፣ ከሁሉም ካርድ በታች፣ እናቴ ለራሷ አሳትማቸው ሳትጠቀምባቸው የቀሩ የስሟ ካርዶች ነበሩ፤ የምትሄድበት ቤት ያጣች ጊዜ የተረፉ። አንዱን አወጣሁ። የቀኙን የላይኛውን ጫፍ በጥፍሬ ጥርት አድርጌ አጠፍኩት። የብር ትሪውን ወልውዬ ካርዱን አስቀመጥኩበትና አልጋው ዘንድ ወሰድኩት።

አነሳው። የታተሙት ፊደላት ከወረቀቱ ጎላ ያሉ ናቸው፤ አውራ ጣቱ በላያቸው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ስሙ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወደ ጥጉ ወጣና ቆመ።

«ታጥፏል» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«በሰው አልላከችውም?»

«አልላከችውም። ራሷ መጥታለች።»

በሌላው እጁ ራሱን ዳበሰ፤ የሌለ ኮፍያ ሊያወልቅ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ» አለኝ። «በር ላይ አታቁሚያት እንጂ። አስገቢያት።»

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩት።